«የቱን ጎረቤት ልውረር?»

ከአጋሮ በረንዳ የታየ የአምስቱ የጊቤ መንግሥታት ታሪክ

ባለፈው የቡና ለቀማ ወቅት ጥቂት ቀናት አጋሮ፣ እናቴ ቤት፣ ሰንብቼ ነበር። ጊዜው ከሰዓት በኋላ ነው። ግቢው ውስጥ ጀንፈል ተሰጥቷል። እናቴ በረንዳው ላይ ረከቦቷን ዘርግታ ቡና ትቆላለች። የእህቴ ልጅ ደግሞ አጠገቧ ዱካ ላይ ተቀምጦ፣ ኮምፒዩተሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ዓለምን ይገዛል።

«አጎቴ» አለኝ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል፤ «አራት ጎረቤት አለኝ። የቱን ልውረር?»

ጠጋ ብዬ አየሁ። ጨዋታው «ሲቪላይዜሽን» የሚሉት ነው፤ ሲድ ሜየር የተባለው የጨዋታ ፈጣሪ በ1991 ያስጀመረውና እስከ ዛሬ በየጊዜው እየታደሰ የሚወጣው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።) ጨዋታው በተራ ነው። አንተ ትንቀሳቀሳለህ፤ ከዚያ ሌሎቹ ይንቀሳቀሳሉ፤ እንደገና ተራው ያንተ ይሆናል። በ2020 በስድስተኛው እትም ላይ ኢትዮጵያ ስትጨመር መሪዋ አፄ ምኒልክ ሆኑ። ልዩ ጦሯም «የኦሮሞ ፈረሰኛ» ተባለ፤ ኮረብታ የማያዘገየው፣ ከሌላው አርቆ የሚያይ ፈረሰኛ። የእህቴ ልጅ በሰሜን ግብፅን፣ በምዕራብ ኮንጎን፣ በምሥራቅ ሮማን፣ በደቡብ ሕንድን ጎረቤት አድርጎ ይህን ፈረሰኛ ድንበር ላይ አሰልፏል። የቀረው የቱን እንደሚመታ መወሰን ብቻ ነው።

እኔ መልስ ከማግኘቴ በፊት እናቴ ከምጣዱ ቀና አለች።

«ከአራቱ ከየትኛው ነው ያገባው?»

«እማማ፣ እዚህ ጨዋታ ላይ ጋብቻ የለም!» አላት እየሳቀ።

«እንግዲያ ምኑን ጎረቤት ሆነ?» አለችና ወደ ቡናዋ ተመለሰች።

እኔም ሳቅሁ። ማታ ግን ጥያቄውም፣ የእናቴም መልስ እንቅልፍ ነሱኝ። የእህቴ ልጅ አያውቀውም እንጂ የተቀመጠባት በረንዳ ይህ ጥያቄ ለመቶ ዓመት ያህል በእውነተኛ ሰው፣ በእውነተኛ ፈረስና በእውነተኛ ደም የተጠየቀባት ምድር ናት።

አራት ጎረቤት ያላት አገር

አጋሮ የጎማ ከተማ ናት። «ጎማ» ሲባል የመኪና እግር የሚታየው እንግዳ አይጠፋም፤ ነገር ግን ጎማ መንግሥት ነበረች። ከ18ኛው ምዕተ ዓመት መገባደጃ እስከ 19ኛው መጀመሪያ ባለው ጊዜ በጊቤ ወንዝ አካባቢ አምስት የኦሮሞ መንግሥታት ተመሥርተዋል፤ ሊሙ እናርያ፣ ጅማ፣ ጉማ፣ ጌራና ጎማ። አጋሮ ላይ ቆሞ ዙሪያውን ለሚመለከት ሰው ካርታው ግልጽ ነው። ወደ ሰሜን ሊሙ አለ። ወደ ምዕራብ ጉማ። ወደ ደቡብ ጌራ። ወደ ምሥራቅ ጅማ። አራቱም አሁን በጅማ ዞን ውስጥ የወረዳም የከተማም ስም ሆነው በሕይወት አሉ፤ ሰው ጠዋት ተነሥቶ ገበያ ውሎ የሚመለስባቸው ቦታዎች ናቸው። በዚያን ዘመን ግን እያንዳንዳቸው ንጉሥ፣ ጦርና በር ያላቸው አገሮች ነበሩ።

በር ስል ለአነጋገር ያህል አይደለም። በመንግሥታቱ መካከል «ሞጋ» የሚባል ሰው የማይሰፍርበት ባዶ መሬት ይተው ነበር። ከሞጋው ወዲህ ቦይ ይቆፈራል፣ አጥር ይታጠራል፤ በአጥሩ ላይ ዘብ የሚጠብቀው «ኬላ» አለ። ነጋዴ በኬላው ሲያልፍ ይጠየቃል፣ ቀረጥ ይከፍላል፣ ንጉሡ ካልፈቀደም ቆሞ ይውላል። ጦርነት ሲነሣ የሚገናኙትም ብዙ ጊዜ በዚያው ሞጋ ላይ ነው። ዛሬ የጨዋታ ካርታ ላይ በቀለም የሚሰመረው ድንበር ያን ጊዜ ሣርና ቁጥቋጦ የበላው፣ ሽፍታና አውሬ የሚዋልበት መሬት ነበር።

ነገሥታቱ የሚጠሩት በፈረስ ስማቸው ነው። አባ ጅፋር፣ አባ ባጊቦ፣ አባ ጎሞል፣ አባ ሬቡ... የፈረስ ስም የጦር ሜዳ ስም ነው። ንጉሥ ሆኖ የፈረስ ስም ያለው ሰው «የቱን ልውረር?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ለምንስ ይወር ነበር?

የጨዋታው ሕግ ለዚህ አጭር መልስ አለው፤ መሬት፣ ሀብት፣ መንገድ። የጊቤ መልስም ከዚያ እምብዛም አይርቅም።

ከካፋና ከዚያም ወዲያ የሚመጣው የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ወርቅ፣ ቡናና ባሪያ በጊቤ በኩል አልፎ ወደ ጎጃምና ወደ ሸዋ ይሄዳል። መንገዱን የያዘ ቀረጡን ይይዛል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ገደማ ከሁሉ የደረጁት የሊሙ እናርያው ንጉሥ አባ ባጊቦ ነበሩ። ከ1825 እስከ 1861 የነገሡት እኒህ ሰው ሰቃ በተባለችው ከተማቸው ላይ ትልቅ ገበያ ይዘው ነበር። ኃይላቸው ግን በጦር ብቻ የቆመ አልነበረም። በዙሪያቸው ካሉት የነገሥታት ቤቶች ጋር በጋብቻ የተሳሰሩ ሰው ናቸው። ፈረንሳዊው ተጓዥ አንቷን ዳባዲ በ1843 ሊሙ በደረሰ ጊዜ ወደ ካፋ የመዝለቅ ዕድል ያገኘው ለአባ ባጊቦ ከካፋ ሙሽራ ሊያመጣ ከሚሄድ መልእክተኛ ጋር ተቀላቅሎ ነው። ያ አውሮፓዊ የካፋን ምድር የረገጠው እንግዲህ በሚዜ ወግ ነው ማለት ይቻላል።

እናቴ ይህን ታሪክ አንብባ አታውቅም። ጥያቄዋ ግን የአባ ባጊቦ ጥያቄ ነበር።

በሌላው ወገን ጅማ አለ። ቀዳማዊው አባ ጅፋር ከ1830 ጀምሮ ሃያ አምስት ዓመት ያህል ሲገዙ ጅማን አንድ አድርገው ጎረቤቶቻቸውን መግፋት ያዙ። የመረጡት ዒላማ በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። በ1847 ባዲ ፎላን ያዙ። ባዲ ፎላ ካፋን ከጎጃምና ከሸዋ የሚያገናኘው የሲራራ መንገድ የሚታይባት ቦታ ናት። ጅማና ሊሙ ሲፋለሙባት የኖሩት ለዚሁ ነው። ዛሬ ጨዋታ የሚያውቅ ወጣት ቢጠየቅ ያንኑ ይመርጣል፤ ጠላትህን ልቡ ላይ ሳይሆን ጉሮሮው ላይ ያዘው ይላል።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ማለፍ የማይገባን። ጦርነት ምርኮኛ ያመጣል፤ ምርኮኛ ገበያ ላይ ይሸጣል። ጅማ ውስጥ በነበረው የሂርማታ ታላቅ ገበያ ከሚሸጡት ነገሮች አንዱ ሰው ነበር። በጨዋታው ከተማ ስትይዝ የነዋሪው ቁጥር በጥቂቱ ቀነሰ ተብሎ ይጻፍልሃል። የቀነሰው ሰው ወዴት እንደሄደ አይነግርህም። የጊቤ ነገሥታት «የቱን ልውረር?» ብለው ሲጠይቁ ከጥያቄው ጀርባ «የማንን ልጅ ልሸጥ?» የሚል ጥያቄ ነበር። ዘመኑን ባከበርን ቁጥር ይህን መዘንጋት ተገቢ አይመስለኝም።

ቂም የሚቆጠርበት መዝገብ

የእህቴ ልጅ እንዳሳየኝ፣ በዚያ ጨዋታ ጎረቤቱን በድንገት የወረረ ሰው ላይ ሌሎቹ ቂም ይይዙበታል። ቂሙም በቁጥር ይታያል። ይህን ያህል ቂም፣ ያን ያህል ቂም... ከዚያ ተራ ባለፈ ቁጥር ቀስ በቀስ ይቀንስና ይጠፋል። «ትንሽ ትታገሣለህ፣ ይረሱታል» አለኝ።

ቀዳማዊው አባ ጅፋር ካለፉ በኋላ በጅማ የነገሡት ልጃቸው አባ ሬቡ ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን? አባ ሬቡ የነገሡት ከ1855 እስከ 1859 ለአራት ዓመታት ብቻ ነው። ጎረቤቶቻቸውን ደጋግመው አጠቁ። አጥቂው ጠንካራ ሲሆን ብቻቸውን የማይችሉት ጎረቤቶች በእርሳቸው ላይ ተባበሩ፤ አባ ሬቡም በጦርነት ሞቱ። በጊቤ ቂም በተራ ብዛት አይቀንስም። ከሥር እየተጠራቀመ፣ በጋብቻና በነጋዴ ወሬ ከቤት ወደ ቤት እየተላለፈ ይቆያል፤ አንድ ቀን ይሰበሰባል።

ትንሿ ጎማስ በአራት መካከል ተቀምጣ ያን ሁሉ ዘመን እንዴት ኖረች? ለዚህ የእኔ ግምት ይህ ነው። ጎማ የኖረችው ማንም ስላልፈለጋት ሳይሆን ሁሉም ስለፈለጋት ነው። ጅማ ጎማን ቢይዝ ጉማና ጌራ ደጅ ደረሰ ማለት ነው። ሊሙ ቢይዛት ጅማን በጎን ያዘ ማለት ነው። ስለዚህ አንዱ ሲዘረጋ ሌላው እጁን ይይዘዋል። በአራት ጎረቤት መካከል ያለ ሰው መከታው አጥሩ ብቻ አይደለም፤ የጎረቤቶቹ አለመተማመንም መከታው ነው። በጨዋታ ሰሌዳ ላይ እኛ አጋሮዎች «የቱን ልውረር?» ከሚለው ይልቅ የሚመረጠው ሳጥን ነበርን። ይህን ታሪክ የምጽፈውም ከሳጥኑ ውስጥ ሆኜ ነው።

ተራ የሌለው ጨዋታ

እዚህ ላይ የራሳችንን ሰንጠረዥ ላንሣ። በድሮው የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ጨዋታው ሲጀመር ተራ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች እንደ ፍጥነታቸው፣ አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ ያንቀሳቅሳሉ። ተራ የሚጀመረው የመጀመሪያው ጠጠር ከተበላ በኋላ ነው። ያ ተራ የሌለው መክፈቻ ስሙ ማን ይባላል? «ወረራ»።

ስም ያወጡት አባቶቻችን ነገሩ ገብቷቸዋል። ወረራ ተራ አይጠብቅም። አምስቱ የጊቤ ነገሥታት እርስ በርስ ተራ እየተጠባበቁ ሲጫወቱ ከሰሌዳው ውጪ ሌሎች ሰዎች ጠጠራቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር።

የኮምፒዩተሩ ጨዋታ ይህን የሚያሳይበት መንገድ አለው። ሰላይህ ወይም ጦርህ ያልረገጠው ምድር በጭጋግ ተሸፍኖ ይታያል። ከጭጋጉ ውስጥ ምን እየመጣ እንዳለ አታውቅም። ለጊቤ ጭጋጉ ያለው በሰሜን፣ ከዓባይና ከላይኛው ጊቤ ባሻገር ነበር። አንድ ምልክት ልጥቀስ። ጣሊያናውያኑ ተጓዦች አንቶኒዮ ቼኪና ጆቫኒ ኪያሪኒ በ1879 ጌራ ደርሰው በንግሥቲቱ ትእዛዝ ተያዙ። ኪያሪኒ እዚያው ሞተ። ቼኪ በ1880 የተፈታው በጎጃሙ ራስ አዳል ጣልቃ ገብነት ነው። ጌራ ከጎማ ቀጥላ ያለች አገር ናት። የጌራን እስር ቤት ከጎጃም ሆኖ ማስከፈት ከተቻለ ኬላና ሞጋ ምን ዋጋ አላቸው?

ራስ አዳል በኋላ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ሲነግሡ፣ የጊቤንና የካፋን ግብር የሚፈልጉት እርሳቸው ብቻ አልነበሩም። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ይፈልጉት ነበር። ሁለቱ በሰኔ ወር 1882 በሆሮ ጉድሩ፣ እምባቦ ላይ ተጋጠሙ። የራስ ጎበና ዳጬ ፈረሰኞች ውለታ የዋሉበት ያ ጦርነት በሸዋ ድል፣ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መማረክ አበቃ። እንግዲህ አንባቢ ያስተውል፤ የጊቤ አምስት መንግሥታት ዕጣ የተቆረጠበት ውጊያ ከአምስቱ አንዱም ባልተሰለፈበት ሜዳ ላይ ነው የተደረገው። አምስቱ ለዓመታት «ከአራቱ የቱን?» ሲሉ አምስተኛውን ቆጥረውት አያውቁም።

የእናት ምክር

በዚያን ጊዜ በጅማ የነገሡት ዳግማዊ አባ ጅፋር ነበሩ። በ1878 ዙፋን ሲይዙ ገና ወጣት ናቸው። ቀዳማዊው አባ ጅፋር ጎረቤት በመግፋት የታወቁ፤ አባታቸው አባ ጎሞል ደግሞ፣ የጅማን ታሪክ የጻፈው ሄርበርት ሉዊስ እንደመዘገበው፣ የጋሮን መንግሥት የያዙ ሰው ናቸው። ወጣቱ ንጉሥ በቀደሙት ነገሥታት መንገድ ቢሄዱ ማንም አይፈርድባቸውም።

እርሳቸው ግን እናታቸውን ሰሙ። ገኔ ጉሚቲ ከሸዋ ጋር አትዋጋ፣ ግብር ገብተህ አገርህን አቆይ ብለው እንደመከሩ ይነገራል። አባ ጅፋር ለምኒልክ ገበሩ። ጎረቤቶቻቸውም እንዲሁ እንዲያደርጉ መክረው ነበር ይባላል፤ ምክሩ ሰሚ አላገኘም።

ውጤቱን በሁለት ረድፍ ማየት ይቻላል። ጎማ በ1886 በደጃዝማች በሻህ አቦዬ ጦር ተያዘች። ጉማም በጦር ተያዘች፤ በምዕተ ዓመቱ መባቻ ደግሞ የድሮው የንጉሥ ቤት ልጅ ፊሪሳ ያስነሣው ዐመፅ በደም ተዳፈነ። በጦር በተያዘው አገር መሬቱ ለሹማምንትና ለወታደር ተደለደለ፤ ባለ መሬቱ ገባር ሆነ። ጅማ ግን የራሱን ንጉሥ፣ የራሱን ፍርድና የራሱን ገበያ ይዞ ቆየ። አባ ጅፋር በ1932 እስኪሞቱ ድረስ ሃምሳ አራት ዓመት ነገሡ። የጅማ ራስ ገዝነትም ያበቃው በዚያው ዓመት ነው። ጂሬን ላይ ያለው ቤተ መንግሥታቸው የዚያ ምርጫ ምስክር ነው።

እንግዲህ ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ እንዴት ደስ ባለን። ብልኅ ንጉሥ፣ ብልኅ እናት፣ የተረፈ አገር... ነገር ግን አያበቃም።

የሰላም ዋጋ

ለምኒልክ የገበረ ንጉሥ ሲጠራ ጦሩን ይዞ መሄድ ነበረበት። አባ ጅፋር በ1889 በኩሎ ላይ፣ በ1894 በወላይታ ላይ፣ በ1897 በካፋ ላይ ዘመቱ። አለመዋጋትን የመረጠው ሰው የሌላ ሰው ጦርነት ዘማች ሆነ። «የቱን ልውረር?» የሚለው ጥያቄ ከጅማ አልጠፋም፤ መልሱን የሚሰጠው ሰው ብቻ ተለወጠ።

ካፋን እንውሰድ። ካፋ ጥልቅ ቦይና በር የነበራት፣ ከጊቤ መንግሥታት ሁሉ የቆየች መንግሥት ናት። በ1897 ራስ ወልደ ጊዮርጊስ በዋናነት የመሩት ዘመቻ ከብዙ አቅጣጫ ገባባት፤ የአባ ጅፋርም ጦር ነበረበት። ንጉሡ ጋኪ ሸሮቾ ለወራት ሲከላከሉና ሲሸሹ ቆይተው ተያዙ። በግዞት እንዳሉ፣ ወደ ዙፋናቸው ሳይመለሱ ሞቱ። አገሩ ተፈታ፤ ሕዝቡ በጦር፣ በረሃብና በባሪያ ንግድ አለቀ። የአባ ባጊቦ ሙሽራ የመጣችበት አገር ይህ ነው።

ታዲያ አባ ጅፋር ተሳስተዋል? በዚህ ጉዳይ ጂሬን ላይ ያለ ሽማግሌ አንድ መልስ አለው፤ ቦንጋ ላይ ያለ ሽማግሌ ሌላ መልስ አለው፤ ሁለቱም መልስ እውነት ነው። ጅማ ሄዳችሁ ብትጠይቁ ገበያው አልተቃጠለም፣ ባላገሩ ከመሬቱ አልተነቀለም ይሏችኋል። ጎጀብን ተሻግራችሁ ብትጠይቁ ደግሞ የጅማ ፈረስ ኮቴ ሌላ ነገር ያስታውሳል። እኔ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ለትንሽ አገር «አልዋጋም» ማለት ንጹሕ ምርጫ ሆኖ አያውቅም። ከጦርነት የተረፈ ሰው ብዙ ጊዜ የተረፈው ጦርነቱ ወደ ጎረቤቱ ስለዞረ ነው።

የጎማ ሰው ሆኜ ስናገር ደግሞ ሌላም ነገር አለ። አምስቱ አንድ ላይ ቢቆሙ ኖሮ እያልን ማዘን ልማዳችን ነው። ነገር ግን አምስቱን እንዳይተማመኑ ያደረጋቸው ምኒልክም ተክለ ሃይማኖትም አይደሉም። ባዲ ፎላ ነው። አባ ሬቡ የወረሩት መንደር ነው። ሂርማታ ላይ የተሸጠው ምርኮኛ ነው። ትናንት ልጁን ወስደህ የሸጥህበትን ሰው ዛሬ በአንድ አጥር እንቁም ብትለው እንዴት ይስማህ? የእምባቦው ድል አምስቱን ተከፋፍለው አገኛቸው እንጂ አልከፋፈላቸውም።

መደምደሚያ

በማግሥቱ ማለዳ የእህቴን ልጅ ምን እንዳደረገ ጠየቅሁት። ኮንጎን ወርሯል። ለምን ኮንጎን? «ቅርብ ነው፤ ደካማም ነው» አለኝ። ሁለት ከተማ ይዞ ነበር። ከዚያ ሮማና ግብፅ በአንድ ላይ ተነሡበት። ሕንድ ደግሞ ንግዱን አቆመችበት። ፈረሰኞቹ በሁለት ግንባር ተበታትነው አለቁ። ጨዋታውን ከሦስት ሰዓት በፊት ወደ ነበረበት መልሶ እንደገና ሊጀምረው ነው። መመለስ ይቻላል።

እናቴ ስኒዎቹን እያጠበች ትሰማለች። የእርሷ እናት የጌራ ልጅ ነበረች። አባቴ የተወለደው እዚሁ ጎማ ነው፤ የአባቴ እናት ግን ከሊሙ መጣች። ታላቅ እህቴን ያገባት ሰው ጅማ፣ ሂርማታ ገበያ አጠገብ ያደገ ነው። ኮምፒዩተሩን ይዞ የተቀመጠው የእህቴ ልጅ እንግዲህ በደሙ ውስጥ ከአምስቱ አራቱን ይዟል።

«አሁንስ የቱን ልትወር ነው?» አለችው።

«እስቲ መጀመሪያ ላስብበት፣ እማማ።»

«አስብ» አለችው። «ቡናው እስኪፈላ ጊዜ አለህ።»